በስልክ ያልተነገረው መርዶ

አቶ ላቀው ለእህታቸው ለታየች ተዝካር የጎደለውን ጨው ሊሸምቱ ደባርቅ ወጥተው ነበር። መናኸሪያው በር ላይ በጉም ውስጥ ቆመው መኪና ሲጠብቁ፣ ከጎንደር ከመጣው አውቶቡስ ጢሙን ያልተላጨ ጥቁር ለባሽ ወረደ። የታየች አንድ ልጅ፣ ሩቅ ከተማ የሚሠራው ይግዛው ነበር። ከቀብሩ በኋላ ደርሶ ባለቀሰ ጊዜ ቃል ሳይተነፍሱለት ነበር የሸኙት። ዛሬም ፊታቸውን ሊያዞሩ አስበው ነበር፤ ጎንበስ ብሎ ጉልበታቸውን ሲስም ግን ክንዱን ይዘው አነሡት። ሻይ ቤት ገቡ።

«ሕሊና ዩኒቨርሲቲ ደርሷታል» አሉ። «ያንተን ሥራ፣ ያን ሶፍትዌር የምትሉትን ካልተማርሁ ብላ ምግብ ካቆመች ሰነበተች። እኔ አልልክም ብያለሁ። እናትህን እንዳትቀብር ያደረገ ሥራ ለልጄ አይሆናትም። እስቲ ክፉውን ሳትደብቅ ንገረኝ።»

«ክፉውማ ሞልቷል፣ ጋሼ። ቀኑን ሙሉ ኮምፒዩተር ላይ ተጎልቼ ወገቤ አልቋል። ሲስተሙ ከተበላሸ እሑድ የለ፣ ፋሲካ የለ፣ ይጠሩኛል። ዓመት የደከምንበትን ሥራ አለቆች በአንድ ስብሰባ ይሰርዙታል፤ ማን ሠራው ብሎ የሚጠይቅም የለም። አጠገቤ የሚቀመጠውን ልጅ ቤቱን እንኳ አላውቀውም።»

«ታዲያ ምኑ ደስ ብሏት ነው?»

«እማዬ ጎንደር ድረስ ሄዳ የታከመችው በዚሁ ሥራ ነው። ገብሱን በረዶ የመታው ዓመት እናንተም የከረማችሁት ከዚሁ በላክሁት ብር ነው። ደግሞ የማን ልጅ ነሽ የሚል የለም፤ የጻፍሽው ፕሮግራም ይሠራል ወይስ አይሠራም ነው ጥያቄው። ይህ ለሴት ልጅ ቀላል ነገር አይደለም።»

አቶ ላቀው ያን የበረዶ ዓመት አስታወሱ። ነገር ግን በክርክር መሸነፍ የማይወዱ ሰው ናቸው።

«መርዶ ነጋሪዎቹ ጎሕ ሲቀድ በርህን ሲያንኳኩ የት ነበርህ?»

«መሥሪያ ቤት አድሬ።»

«አየህ!»

«ስልኬ ግን ክፍት ነበር፣ ጋሼ። እናቴ ባረፈች ሰዓት ቢደወልልኝ በጠዋቱ አውሮፕላን ጎንደር ገብቼ ለቀብሩ እደርስ ነበር። ሥራዬ ብዙ ነገር ወስዶብኛል። ይህንን ግን እሱ አልወሰደብኝም።»

ሽማግሌው ብርጭቋቸውን አስቀመጡ። መርዶ በስልክ አይነገርም፣ ነውር ነው፣ በወጉ ሰው ተልኮ ቤቱ ድረስ ይነገረው ብለው የከለከሉት እሳቸው ነበሩ። ሕሊና «ልደውልለት» እያለች ስታለቅስ ስልኩን ከእጇ የነጠቁትም እሳቸው ናቸው። ሐዘንተኛው በድንገት እንዳይደነግጥ የተበጀው ደግ ወግ፣ አንድ ልጅ የእናቱን ፊት ሳያይ እንዲቀር አድርጎታል።

«እኔ ነኝ የከለከልሁ» አሉ በመጨረሻ።

«አውቃለሁ። ሕሊና ነግራኛለች።»

አለመቆጣቱ ከቁጣ ይልቅ ጎዳቸው። ዓይናቸውን በጋቢያቸው ጠርገው «እንግዲያስ ትሂድ» አሉ። «ተምራ ራሷን ትቻል፣ የማንንም ፊት አትይ። አንተ ደግሞ እሑዷን እንዳትሸጥ፣ ወገቧንም እንድትጠብቅ ምከራት። እስቲ ደውልልኝ።»

ይግዛው ደውሎ ስልኩን ጆሯቸው ላይ ያዘላቸው። በስልክ ተናግረው የማያውቁትን የአባቷን ድምፅ ስትሰማ ልጅቱ ጮኸች።

«አባዬ! ማን ሞተ?»

«ማንም አልሞተም፣ ልጄ። ሂጂ ተማሪ ልልሽ ነው» አሉ። «እኔ የሞትሁ ለት ግን ወዲያው ይደወልልሻል። ደርሰሽ ትቀብሪኛለሽ።»