የመጤ ዋጋ

ያን ቅዳሜ የአቶ ገብረየስ ጎማ ባይተነፍስ ኖሮ ስማቸው ይተነፍስ ነበር። ነገሩ እንዲህ ነው።

አቶ ገብረየስ ሠላሳ ዓመት ቨርጂኒያ ውስጥ አሌክሳንድሪያ ኖረው፣ ከሆቴል ፓርኪንግ ሥራ ጡረታ ሲወጡ የልጅ ልጆቻቸው ወዳሉበት ወደ ሲልቨር ስፕሪንግ የተዛወሩ ሰው ናቸው። እሳቸው የፖቶማክን ወንዝ ተሻግረው የሜሪላንድ ነዋሪ ሆኑ እንጂ አደናቸው አልተሻገረም፤ የሚወዱት ተራራ እዚያው ቨርጂኒያ ቀርቷል። በልጅነታቸው ቆቅና ጅግራ ሲያድኑ አድገዋልና፣ የዱር ተርኪ የሚባለውን ወፍ «የፈረንጅ ጅግራ» ብለው ስም አውጥተውለት በየፀደዩ ይወጡለታል። ሥጋው በክት እንዳይሆንባቸው ቢላዋ ታጥቀው ነው የሚሄዱት። ወፉ እንደወደቀ ነፍሱ ሳትወጣ ሮጠው ደርሰው፣ በስመ አብ ብለው ያርዱታል። አንድ ዓመት በዚህ ሩጫ ቁርጭምጭሚታቸው ወልቆ በክራንች ሰንብተዋል፤ ወፉ ግን ተባርኳል። አደኑ የሚከፈተው ብዙ ጊዜ በዐቢይ ጾም ስለሆነ «ፍሪዘር ውስጥ ሆኖ ከእኛ ጋር ይጾማል» ይላሉ። ለፋሲካ ከዶሮው ጎን ያ ወፍ ካልቀረበ ጾሙ የተፈታ አይመስላቸውም።

ታዲያ አምና ያደኑት ከመዛወራቸው በፊት ባወጡት የአደን ፈቃድ፣ ላይሰንስ በሚሉት ነበር፤ ዘንድሮ ጊዜው አለፈና ችግር መጣ። ቨርጂኒያ ለራሷ ነዋሪ ላይሰንስ የምትሸጥበትና ከሌላ ስቴት ለመጣ አዳኝ የምትሸጥበት ዋጋ ለየቅል ነው፤ የኋለኛው ብዙ እጥፍ ነው። አቶ ገብረየስ ይህን ሲሰሙ ደማቸው ፈላ። ከዚያም መላ መቱ፤ አሌክሳንድሪያ ያለ ዘመድ ፈልገው በእሱ አድራሻ ሊያወጡ። የእኛ ሰው አድራሻ መዋዋስን ወንፊት ከመዋዋስ ለይቶ አያየውም። የአንዱ አድራሻ ለሌላው የመኪና ኢንሹራንስ፣ የሌላው ደግሞ ለአንዱ ልጅ ትምህርት ቤት ይሆናል፤ ማንም ነውር ነው ብሎ አያስብም።

ዘመዳቸው ቤት ሄደው ሰው አጡ። ሲመለሱ ጎማቸው ተነፈሰ። እየጎተቱ ፉአድ ጎማ ቤት ደረሱና ወረፋ ሲጠብቁ፣ ከወንበሮቹ አንዱ ላይ ሉሊትን አገኟት። ሉሊት የወዳጃቸው የኪራኮስ ልጅ ናት፤ እዚያው አሌክሳንድሪያ ተወልዳ ያደገች፣ ዩኒቨርሲቲ የጨረሰች፣ ትሑት ልጅ።

«ጋሼ ገብረየስ! እንደምን ዋሉ?» ብላ ተነሳችላቸው።

«እግዚአብሔር ይመስገን። አንቺ ልጅ፣ እንዴት አድገሻል!»

«ባለፈው እሑድ እኮ ቤተ ክርስቲያን ተገናኝተናል።»

«ቢሆንስ? ከዚያም ወዲህ አድገሻል» አሉና አጠገቧ ተቀመጡ። እግዜር የላከልኝ ናት ሲሉ አሰቡ። «ሉሊትዬ፣ ይኼ የአደን ላይሰንስ በስልክ ይገዛል አሉ። እኔ ዓይኔ አልታዘዝ ብሎኛል፤ እስቲ አንቺ ሙዪልኝ።»

«በደስታ» አለችና ጀመረች። ስማቸውን ጻፈች፣ የልደት ቀናቸውን ጻፈች። «አድሬስ?»

«የአንቺን አግቢበት።»

ሉሊት ጣቷን ከስልኩ ላይ አነሳች። «የኔን?»

«አዎ። አንቺ የዚህ ነዋሪ አይደለሽ? ምን ይጎድልብሻል?»

«ጋሼ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና፣ ሥራዬ ምን እንደሆነ ያውቃሉ?»

«አባትሽ የእንስሳት ሐኪም ናት ብሎኛል።»

«ሐኪም አይደለሁም። ዋይልድላይፍ፣ የዱር እንስሳት ጥበቃ ነው የተማርኩት፤ የምሠራውም ለስቴቱ ነው። ተርኪ ነው የምቆጥረው።»

«ተርኪ ቆጥረሽ ደሞዝ ይከፍሉሻል?»

ጎማ የሚያስገባው ፉአድ ከወዲያ ሆኖ ሳቀ። ሉሊት ግን አልሳቀችም። «የውሸት አድሬስ ብጽፍ ከሥራ እባረራለሁ። የምሠራው ሌላ ቦታ ቢሆንም ግን አልጽፈውም፤ እንዳይቀየሙኝ።»

አቶ ገብረየስ ተቀየሙ። ይህች ልጅ ክርስትና ስትነሳ እልል ካሉት አንዱ ናቸው፤ ዛሬ እምቢ አለቻቸው። ደግሞ ፋሲካው እየቀረበ ነው። ቢሆንም በነገር የሚሸነፉ ሰው አይደሉም፤ የእድር ዳኛ ናቸው።

«እንግዲያው ስሚኝ» ብለው ጀመሩ። «ሠላሳ ዓመት እዚህ ግብር ከፍያለሁ። ያንን ጫካ አንቺ ሳትወለጂ አውቀዋለሁ። አሁን ድልድይ ተሻግሬ ስለተኛሁ ብቻ መጤ ልባል? ወፉስ ቢሆን ይኼ ቨርጂኒያ፣ ያ ሜሪላንድ ብሎ ያውቃል?»

«ወፉ አያውቅም፣ ጋሼ። ግን ፖቶማክን ተሻግሮ ሲልቨር ስፕሪንግም አይመጣልዎትም፤ ያ ጫካ ውስጥ ተወልዶ እዚያው ይሞታል። ስለዚህ የሚጠብቀው የዚያ አገር ሰው ነው። በነዚያ ሠላሳ ዓመታት የነዋሪ ዋጋ ከፍለው አድነዋል፤ ማንም አልነካብዎትም።»

«እሺ፣ ደሃውስ? ሀብታሙ ከየትም መጥቶ ከፍሎ ይገባል። እንደኔ ያለው ጡረተኛ ግን አጥር ላይ ይቀራል። ይኼ ፍትሕ ነው?»

ሉሊት ስልኩን ጭኗ ላይ አስቀመጠች። «እሱ ላይ እውነት አለዎት። እኛም ቢሮ ውስጥ እንጨቃጨቅበታለን። ዋጋውን ከልክ በላይ የሰቀሉ ስቴቶች አሉ፤ አንዳንዱም የሌላ ስቴት አዳኝን በዕጣ ብቻ ያስገባል። ኧ... ፐርፌክት ነው አልልም።»

አቶ ገብረየስ ያሸነፉ መሰላቸውና ወንበሩ ላይ ተዘረጉ። ደስ ሲላቸው ደግሞ ማውጋት ይወዳሉ። «ለነገሩ የባሰብኝ እሱ እንኳ አይደለም። አምና የመክፈቻው ዕለት የሆንኩትን ልንገርሽ። ገና ጎህ ሳይቀድ ደርሼ መኪና ማቆሚያ አጣሁ! የኦሃዮ ታርጋ፣ የፔንሲልቬንያ ታርጋ፣ የኒው ጀርሲ ታርጋ። በእግሬ ወጥቼ ጥድ ሥር ተቀመጥኩና በሳጥኔ ጠራሁ።» ሳጥን የሚሉት የሴት ተርኪን ድምፅ የሚያወጣ የእንጨት መጥሪያ ነው። «ከማዶ አንዲት ሴት መለሰችልኝ። ሴት ባለችበት ወንዱ አይታጣም ብዬ በሆዴ እየተሳብኩ ተጠጋሁ። እጠራለሁ፣ ትመልሳለች። እጠራለሁ፣ ትመልሳለች። ቁጥቋጦውን ገለጥ ባደርግ አንድ ፂማም ፈረንጅ! እሱም ሳጥን ይዞ ወደኔ እየተሳበ ኖሯል።»

ፉአድ ጎማውን ጥሎ በሳቅ ፈረሰ።

«አትሳቅ!» አሉት። «ሁለታችንም ጠመንጃ ይዘናል። አንዳችን ብንቸኩል ኖሮ ዛሬ ይህን የሚያወራልህ አይኖርም። ያን ዕለት ጫካው ውስጥ አንድ ወፍ አልጮኸም። ይኼን ሁሉ መንጋ ከየስቴቱ ሲለቁት ምነው ጠቀም ያለ ገንዘብ አያስከፍሉትም?»

ምን እንዳሉ ወዲያው አልታወቃቸውም። ሉሊት ግን ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ ጠየቀቻቸው።

«ጋሼ፣ የእርስዎ መኪና ታርጋ የየት ነበር?»

አቶ ገብረየስ በመስታወቱ ወደ ውጭ አዩ። መኪናቸው ክሪክ ላይ ተሰቅላ፣ የሜሪላንድ ታርጋዋን ይዛ ፊት ለፊታቸው ቆማለች።

«ለዚያ ፂማም ሰውዬ» አለች ሉሊት፣ «መጤው እርስዎ ነበሩ።»

የተማረ ሰው ሲረታ ብዙ ጊዜ ይዘባበታል። ይህች ልጅ አልተዘባበተችም፤ ወንበሯን አስጠግታ እንደ ልጃቸው አጫወተቻቸው። ድሮ አዳኝ ያለ ልክ ተኩሶ፣ ጫካውም ተመንጥሮ፣ ተርኪ ከብዙው አገር ጠፍቶ እንደነበረ ነገረቻቸው። የየስቴቱ ነዋሪ ግን አንድም ወፍ በማያገኝበት ዓመት እንኳ ላይሰንሱን መግዛት አልተወም። በዚያ ገንዘብ ወፎች በመረብ እየተያዙ ባዶ ወደቀረው ጫካ ተወስደው ተለቀቁ፤ ዛሬ የሚጮኸው የእነሱ ዘር ነው።

«በመክፈቻው ሳምንት ሰው ሲበዛ» አለች፣ «ወንዶቹ ሴቶቹን ሳያገኙ ይታደናሉ፤ የተረፉትም ፈርተው ድምፃቸውን ያጠፋሉ። ሴቷም እንቁላሏን ጥላ ትሸሻለች። ስለዚህ ከውጭ የሚመጣው ብዙ ይክፈል የተባለው እንዲጠላ አይደለም። ያልዘራውን ሊያጭድ ስለመጣ ነው። አይ ሚን... እንዴት ልበልዎት፣ ልክ እንደ እድር።»

«እንደ እድር?» አሉ።

«አዎ። ነባሩ አባል በየወሩ እያዋጣ ድንኳኑን ገዛ፣ ወንበሩን ገዛ፣ ድስቱን ገዛ። አዲስ ሰው ሲመጣ የመግቢያ ከፍሎ ነው የሚገባው። አባባ ይህን ደንብ ያወጡት ጋሼ ገብረየስ ናቸው ይላል።»

እውነት ነው፤ ደንቡን ያወጡት እሳቸው ናቸው። በዚያ ደንብ የተቀጣውም ሰው ፊታቸው ድቅን አለ።

ንጉሡ ይባላል፤ ስካይላይን የሚባል ሰፈር ነው የሚኖረው። ከኦሃዮ አዲስ የመጣ ወንድሙን፣ ድሮም እሱ ቤት የነበረ አስመስሎ የመግቢያ ሳይከፍል አስመዘገበው። ጉዳዩ ለጉባኤ ሲቀርብ አቶ ገብረየስ በሰው ፊት «ጅብ በማያውቁት አገር ሄዶ ቁርበት አንጥፉልኝ አለ» ብለው ተረቱበት፤ ሁለቱም ወንድማማቾች ተሰረዙ። ንጉሡ ከዚያ ወዲህ ቤተ ክርስቲያን ሲያገኛቸው ዞር ብሎ ያልፋል። እሳቸውም እውነት እንደያዘ ሰው ቀና ብለው ያልፉ ነበር። አሁን፣ ጎማ ቤት ተቀምጠው፣ ያ ሰው ያደረገውን ነገር በወዳጃቸው ልጅ ጣት ሊያደርጉ እንደነበር ገባቸው። የራሷ እያረረባት የሰው ታማስላለች ማለት ይኸው ነው። አፈሩ፤ ጆሯቸው ድረስ ሞቃቸው።

«ሉሊት» አሉ ካርዳቸውን እያወጡ።

«አቤት ጋሼ።»

«የሲልቨር ስፕሪንጉን አድራሻ ጻፊ።»

«ዋጋው ግን...»

«አውቃለሁ። የመጤውን ዋጋ ክፈዪልኝ፤ ካርዱ ይኸውልሽ። አንድ ነገር ግን ንገሪኝ። ያ ገንዘብ እውነት ለወፉ ነው የሚውለው?»

«ለወፉ፣ ለጫካው፣ ጫካውን ለሚጠብቁት። ከደሞዜም ትንሽ ትንሽ አለበት።»

«እንግዲያው ደህና አድርገሽ ቁጠሪ» አሉ። ፉአድ አሁንም ሳቀ፤ በዚህኛው እሳቸውም ሳቁ።

ሉሊት ሌላም ምክር ጨመረችላቸው። ገንዘቡ ለሚከብደው የሜሪላንድ ነዋሪ የሜሪላንድ ጫካም እንዳለለት፣ እዚያ የነዋሪ ዋጋ እንደሚከፍል ነገረቻቸው። ቨርጂኒያ ካሉም በመክፈቻው ቅዳሜ ከሰው ጋር ከመጋፋት፣ ግፊያው ካለፈ በኋላ በሥራ ቀን ቢሄዱ ለእሳቸውም ለወፉም እንደሚሻል አስረዳቻቸው። ጡረተኛ ሰው ምን ያስቸኩለዋል?

እንዳለችው አደረጉ። አንድ ረቡዕ ጎህ ሲቀድ ተራራው ላይ ብቻቸውን ነበሩ። መኪና ማቆሚያው ባዶ ነበር፤ የተጋፋቸውም ያስፈራቸውም ሰው አልነበረም። አንዴ ጠሩ፣ ወፉም እውነተኛ ወፍ ሆኖ መለሰ። ፖሊስ ቢመጣ የሚደብቁት፣ ዘመድ ቢጠየቅ የሚያፍሩበት ነገር አልነበራቸውም። በሕጋቸው አደኑ፣ ሮጠው ደርሰው በስመ አብ አሉ፤ ቁርጭምጭሚታቸውም ደህና ነበር። ከፍሎ የገባ ሰው እንደዚህ ነው፤ የወፉም ዘር ለከርሞ ይተርፋል፣ የሰውየው እንቅልፍም ጤና ይሆናል።

ፋሲካ በዋለ በማግስቱ የወፉን አንድ እግር በፎይል ጠቅልለው ስካይላይን ሄዱ። ንጉሡ በሩን ከፍቶ ሲያያቸው ሰላምታ አልሰጠም፤ በሩን ግን አልዘጋውም።

«እንኳን አደረሰህ» አሉት። «ልቆጣህ አልመጣሁም። እኔም ባለፈው ልክ እንዳንተ በሰው አድራሻ ልዋሽ ስልክ አስይዤ ነበር። እኔን አንዲት ልጅ በደግ ቃል ከለከለችኝ። አንተን ግን እኔ የጠበቅሁህ በተረት ነው፣ ያውም በሰው ፊት። እሱን ይቅር በለኝ። ደንቡን ግን አልሽረውም።»

«ታዲያ ምን ላድርግ?» አለ ንጉሡ።

«እኔ የመጤውን ዋጋ ከፍዬ ገባሁ። ወንድምህም የመግቢያውን ይክፈል፣ ባንዴ ካልቻለ በየወሩ፤ አንተም ወደ ቦታህ ተመለስ። ጉባኤው ላይ ቆሜ የምናገርላችሁ እኔ ነኝ።»

ንጉሡ የተጠቀለለውን አየ። «ይኼ ምንድን ነው?»

«የፈረንጅ ጅግራ። ተባርኳል፤ አትስጋ።»

ንጉሡ ተቀበላቸውና ከበሩ ላይ ዞር አለ፤ አቶ ገብረየስም ጫማቸውን አውልቀው ገቡ።