«ኮፊ» ከየት መጣ?

ከፋ ውስጥ፣ ቦንጋ እንግሊዝኛ አስተምራለሁ። ባለፈው ከባልደረቦቼ ጋር የዱር ቡና የሚበቅልበት ማንኪራ ጫካ ገብተን፣ ምላሴ አላርፍ ብሎ፣ «ኮፊ የሚለው ቃል ከከፋ የመጣ ይመስለናል እንጂ መዝገበ ቃላቱ ከዐረብኛ ነው የሚለው» አልኩ። ቡናቸው ሥር ቁጥቋጦ ይመነጥሩ የነበሩት ጋሽ ወልዴ ገጀራቸውን እንደያዙ ቀጥ አሉና ወደ እኔ መጡ። 

«መጽሐፉ ነው እንጂ እኔ አይደለሁም ጋሼ» አልኩ።

«እኛ በቋንቋችን በካፊኖኖ ቡኖ ነው የምንለው» አሉ እየቀረቡኝ። «ባሕር ዛፍን ባሕር ዛፍ ያልነው ከባሕር ማዶ ስለመጣ ነው። የራሱን ዛፍ በአገሩ ስም የሚጠራ ማን አለ? ቃሉን ከፈለጉበት ያምጡት።» ገጀራቸውን ወደ ጫማዬ ቀሰሩ። «አንተ ግን እግርህን አንሳ መምህር፤ የቡና ችግኝ ረግጠሃል!»