አስር ሺህ ሰባት ሴራሚክ

ዝናቡ ባይመጣ ኖሮ ልጅቷ ከትምህርት ቤት ስትመለስ ወደ አጎቷ መጋዘን ጎራ አትልም ነበር። ሰፈርተኛው «አባ ልክ» የሚላቸው ሴራሚክ ነጣፊው አጎቷ ተንበርክከው፣ ወለሉን በትንንሽ ሰማያዊ ሴራሚክ ሞልተውታል።

«እንኳን መጣሽ» አሉ። «ጉልበቴ ከድቶኛል። ከአባትሽ ጋር ተነጋግረናል፤ ከሰኞ ጀምሮ ትምህርቱ ይቅርና ሴራሚክ ታቀብይኛለሽ።»

ልጅቷ ክው አለች። አባ ልክ ክፉ ሰው አልነበሩም፤ ልማዳቸው ግን ክፉ ነበር። ለአንድ ሥራ የተገዛ ሴራሚክ አንድም ሳይሰበር፣ አንድም ሳይተርፍ በአራት ማዕዘን ካልገጠመ ሥራ አይሉትም። አሁን ከሚዘጋ ፋብሪካ ያመጡት የመጨረሻው ሰማያዊ አስር ሺህ ሰባት ሆነ። በየረድፉ ሃምሳም፣ ስልሳም እያደረጉ ደረደሩት፤ ሁሌም ይተርፋል። ያፈርሱና እንደገና ይጀምራሉ።

«አጎቴ፣ ቁጥሩ ጭራሹን የማይደረደር ቢሆንስ?»

«የማይደረደር የለም፤ የማይታገሥ ሰው እንጂ። እኔ በየረድፉ አምስት ሺህ እስካደርግ ድረስ አልተውም።»

«እስከ መቶ መሞከር ይበቃል። ካላሳመንኩዎ ሰኞ ራሴ እመጣለሁ።»

«ይሄ የሰነፍ ሒሳብ ነው።»

«ይስሙኝማ። አራት ማዕዘን ርዝመትና ወርድ አለው። ሁለቱም ከመቶ ቢበልጡ፣ ትንሹ መቶ አንድ በመቶ አንድ ነው፤ እሱ እንኳ አስር ሺህ ሁለት መቶ አንድ ሴራሚክ ይፈልጋል። ያን ያህል የለዎትም። ስለዚህ አንዱ ጎን የግድ ከመቶ አይበልጥም። ደግሞ በሁለት ያልተካፈለ በአራትም በስድስትም አይካፈልም። እንዲህ እያልን ስንቀንስ የሚሞከረው ሃያ አምስት ቁጥር ብቻ ነው።»

አባ ልክ ተነሡ። ጠመኔ አነሱና ግድግዳው ላይ ማካፈል ጀመሩ፤ ልጅቷን ስላላመኑ እያንዳንዱን ራሳቸው ደገሙት። በሰባት አራት ተረፈ፣ በአስራ አንድ ስምንት፣ በአስራ ሦስት አስር። በመጨረሻው በዘጠና ሰባትም አስራ ስድስት ተረፈ።

«ብቸኛ ቁጥር ይባላል» አለች። «በአንድ ረድፍ ብቻ ይሄዳል፤ እሱም በበሩ ወጥቶ ጎረቤት ይገባል።»

ሳይወዱ ሳቁ። ከዚያ ግን አዘኑ። «ታዲያ ይሄን ሁሉ ቀን የለፋሁት ለምኑ ነው?»

«ጥፋቱ የእጅዎ አይደለም። ሰባቱን ያስቀምጧቸው። የቀረው መቶ በመቶ ይገጥማል፤ አራቱም ጎን እኩል።»

አባ ልክ ለሚባል ሰው ሰባት ማስተረፍ ቀላል አልነበረም። ግድግዳውን ደጋግመው አዩ። ሰው የሚቻለውን ለመሥራት ጉልበት ያስፈልገዋል፤ የማይቻለውን አውቆ ለመተው ግን ትምህርት ይፈልጋል። ያልተማረ ትጋት ጊዜንም ጤናንም ይበላል፤ የተማረው ግን ሁለቱንም ያተርፋል። ይህ ለአባ ልክ ዘግይቶም ቢሆን ገባቸው።

ስልካቸውን አውጥተው ለወንድማቸው፣ ለልጅቷ አባት ደወሉ።

«ያልኩህን ተወው፤ ልጅቷ ትማር» አሉ። «ትምህርቷን አስትቻት ቢሆን ኖሮ፣ ለማይሆን ነገር ሁለታችንም ተንበርክከን እንቀር ነበር።»