ውሃ የጠጣው ቅጠል

ስሙኝማ፣ የትኛው ግራር ከየትኛው እንደሚዛመድ በዲኤንኤ ነው የማጠናው። ከከተማው ወጣ ካለው መልካ ጀብዱ የለቀምኩትን ቅጠል በጋዜጣ ጠቅልዬ ባጃጅ ውስጥ ትቼው፣ ከዚራ ሰፈር ላይ ምሳ ልገዛ ወረድኩ። ስመለስ ሾፌሩን አብዲን ጥቅሉ ላይ ውሃ ሲያርከፈክፍ አገኘሁት!

"ምን እያደረግክ ነው?"

"አቦ፣ ጫትሽ እንዳይጠወልግብሽ ነዋ!"

"ጫት አይደለም! ካልደረቀ ዲኤንኤው ይበላሻል!" ብዬ ጮህኩበት። አብዲ ደነገጠና ባጃጁን ወደ መልካ ጀብዱ አዞረ።

እንደገና ስንለቅም፣ "እነዚህ ሁለቱ ግራሮች ወንድማማች ናቸው። ያኛው በመልክ ብቻ ነው የሚመስላቸው። እናቴ ግመል ስትጠብቅ ነው ያስተማረችኝ" አለኝ። ሳቄን ዋጥ አድርጌ ጻፍኩት።

ትናንት ውጤቱ መጣ፤ ልክ እሱ እንዳለው። ወዲያው ደውዬ ነገርኩት። እሱም እንዲህ አለኝ፦

"ታዲያ የቀሩትን ዘመዶቻቸውን መቼ እንፈልግ? ወላሂ፣ ውሃ አልይዝም!"