የዳገቱ ጡሩምባ

በጃንሆይ ዘመን ነው፤ ከደብረ ታቦር ወደ ንፋስ መውጫ በሚሄድ የጭነት መኪና ጋቢና ውስጥ፣ በሾፌሩና በአንድ ቄስ መካከል ተጣብቄያለሁ።

«ሁልጊዜ ይኸው አንድ መንገድ አይሰለችህም፣ ልጄ?»

«ይሰለቻል፣ አባ። ግን የእናቴ ቤት ዳገቱ ላይ ነው፤ በሳምንት ሁለቴ አያታለሁ።»

«ታድለህ! ገብተህ ትጠይቃታለህ በለኛ።»

«ኧረ በመስኮት ነው! ጭነት ይዤ ዳገት ላይ ከቆምኩ መኪናው አይነሳልኝም። ጡሩምባ ስነፋ ወጥታ እጇን ታነሳልኛለች።»

«ስትመለስስ?»

«ቁልቁለቱም አያስቆም። ከሰኞ ጀምሮ ደግሞ ወደ አስመራ መስመር አዛውረውኛል።»

«ነገርካት?»

«አልቻልኩም፣ አባ። ዓይኗ ደክሟል፤ የሚተካኝን ሾፌር ጡሩምባ እንዲነፋላት ለምኜዋለሁ።»

ዳገቱ ጋ ደርሰን ጡሩምባው ሲነፋ፣ በሩ እስኪከፈት ትንፋሼን ውጬ ጠበቅሁ።