«አወቅሽኝ?» የማይል ጠያቂ

ጡረታ የወጣሁ መምህር ነኝ። ቅዳሜ ቅዳሜ ከከተማ ራቅ ብሎ ወዳለው የአረጋውያን መጦሪያ እየሄድኩ ጋዜጣ አነባለሁ፤ የሚሰማኝ ጥቂት ቢሆንም። አንድ ቅዳሜ በሩ ላይ ከማውቃቸው አናጢ ጋር ተገጣጠምን። ባዶ ሻንጣ ይዘዋል፤ ታክሲም አቁመዋል።

«ምነው፣ ደህና?» አልኳቸው።

«ባለቤቴን ልወስድ ነው። ትናንት ስመጣ ከአልጋዋ ሥር ውሻ ተኝቶ አገኘሁ። ብትረሳ ብትረሳ ከውሻ ጋር ታድራለች እንዴ? ዓይናቸውን በጨው ያጠቡ ሰዎች።»

ባለቤታቸው የመርሳት ሕመም ከያዛቸው ሦስት ዓመት ሆኗል። ቤት ሳሉ ሁለት ጊዜ ወጥተው ጠፍተዋል፤ በሁለተኛው የተገኙት ወንዝ ዳር ነው። አሁን ቢወስዷቸው ብቻቸውን ሊጠብቋቸው እንደማይችሉ አናጢውም ያውቃሉ። ይህን በር ላይ መናገር ስላልደፈርኩ ተከትያቸው ገባሁ።

ነርሷን ኮሪደሩ ላይ አገኘናት። ወጣት ናት፤ ሰው ሲቆጣ ድምፅዋን ዝቅ ታደርጋለች።

«ቢቆጡ አልፈርድብዎትም፣ አባቴ። ውሻው ግን ተከትቧል፤ ረቡዕ ረቡዕ በሳሙና ይታጠባል፤ ወጥ ቤትም አይገባም።»

«ታጠበም አልታጠበም ውሻ ውሻ ነው፣ ልጄ። የሚያምርበት ደጅ ነው። ስሙስ ማነው?»

«ዘበኛው እንለዋለን።»

«ይጠብቃል?»

«ኧረ ቀኑን ሙሉ ይተኛል።»

አናጢው ሳቃቸውን ዋጥ ሲያደርጉ አየሁ።

«እስቲ ልጠይቅዎት» አለች ነርሷ። «ትናንት ሲገቡ መጀመሪያ ምን አሏቸው?»

«እንደ ሰው ነዋ። ‹አወቅሽኝ? ማን ነኝ?› አልኳት።»

«እሳቸውስ?»

አናጢው ሻንጣውን ወደ ሌላ እጃቸው አዛወሩ። «ፊቷን ወደ ግድግዳ አዞረች» አሉ።

«ጠያቂው ሁሉ እንዲሁ ነው፣ አባቴ። ለእናንተ ሰላምታ ነው፤ ለእሳቸው ግን በየቀኑ የሚወድቁት ፈተና። ውሻው ‹ማን ነኝ› አይላቸውም። ለእሱ ዳቦ ሲቆርሱ ራሳቸውም ይበላሉ፤ እሱ ሲወጣ አብረውት ግቢውን ይዞራሉ፤ እንቅልፋቸውም ተመልሷል። ሕመሙን አያድነውም፣ አልዋሽዎትም። ቀኑን ግን ያቀልላቸዋል።»

እውነቱን ልናገር፤ ይህን ስሰማ መግቢያ ጠፋኝ። አርባ ዓመት ያስተማርኩ ሰው፣ እነዚያን አዛውንቶች በየሳምንቱ «አወቃችሁኝ?» እያልኩ ስፈትን ነው የከረምኩት። ተምረናል የምንለውም ከዚህ አላመለጥንም።

«ታዲያ ምን ልበላት?» አሉ አናጢው።

«ምንም አይጠይቁ። ይግቡና ውሻውን ይዳብሱት።»

ሻንጣውን ለእኔ ሰጥተው ገቡ፤ እኔም ተከትዬ ከበሩ ሥር ቆምኩ። አልጋው አጠገብ ካለው ወንበር ተቀመጡና ያን ሻካራ እጃቸውን፣ እየፈሩ፣ የውሻው ራስ ላይ አሳረፉት። ባለቤታቸው ቀና ብለው አዩዋቸው። ፊታቸውን አላዞሩም።

«አባት፣» አሉ በሹክሹክታ፣ «ባሌ ሳይመጣ ውሻውን እናስወጣው። ውሻ አይወድም።»

«ክፉ ሰው ነው እንዴ?»

«ኧረ እሱስ ደግ ነው። ይሄን የተቀመጡበትን ወንበር የሠራልኝ እሱ ነው። ውሻ ብቻ አይሆንለትም።»

አናጢው የውሻውን ጆሮ ዳበስ አደረጉ። «እንግዲያው አይስጉ፣ እመቤቴ። መንገድ ላይ አግኝቼው ነበር፤ ይሁን ብሏል።»

«እግዜር ይስጥልኝ» አሉና እጃቸውን በአናጢው እጅ ላይ ደረቡ።

እኔም ወጥቼ ታክሲውን አሰናበትኩት።

አንባቢ ሆይ፣ የመርሳት ሕመምተኛ ልትጠይቅ ስትሄድ ጥያቄህን ደጅ ተወው። ስምህን ቢረሱት አንተ ታውቀዋለህ፤ ይበቃል። እንስሳ ከወደዱም፣ ንጽሕናው እስከተጠበቀ ድረስ አትከልክላቸው። ምግብና እንቅልፍ፣ የእግር መንገድና የሰላም ቀን ይዞላቸው ይመጣል።

በሚቀጥለው ቅዳሜ አናጢው አንዲት ትንሽ የጣውላ አልጋ ተሸክመው መጡ። ለማን ነው ብላቸው ወደ ዘበኛው በአገጫቸው አመለከቱኝ።

«ከሚስቴ ጋር ያስታረቀኝ ሽማግሌ» አሉ፣ «መሬት ላይ አይተኛም።»