የጠገበ ገብስ

ከሁሩታ ወደ አዳማ በሚሄደው ሚኒባስ ከፊቴ የተቀመጡት ገበሬ በፌስታል ገብስ ይዘው ነበር። ለናሙና ወደ ቢራ ፋብሪካ ይዘውት መሄዳቸው ነው። አጠገባቸው ያለችው ወጣት የዚያው ፋብሪካ የላቦራቶሪ ሠራተኛ መሆኗን ስትነግራቸው ፌስታሉን ፈቱላት።

«እስቲ እዪው ልጄ። የዘንድሮ ምርቴ ሁሉ እንዲህ ነው። ከወሰዱልኝ የቤቴን ቆርቆሮ እቀይርበታለሁ።»

«ሲያምር፤ አባባ፣ ዩሪያ አብዝተውበታል እንዴ?»

«ከጎረቤቶቼ እጥፍ ነው ያበላሁት።»

«እንዲያ ከሆነ ፕሮቲኑ ይበዛል። ፕሮቲን የበዛበት ገብስ ለቢራ አይሆንም፤ እንዳይመልሱት እፈራለሁ።»

«ጠገበ ተብሎ ይመለሳል?»

«ለቢራ ሲሆን አዎ። ለበሶ ግን እንዲህ ያለ አይገኝም።»

«በይ እንግዲህ፣ ባለቤቴ ደስ ይበላት።»

«ለምን?»

«ጌታን ከተቀበለች ወዲህ ቢራ ሲነሳ አትወድም። ገብሳችን ሰው እንዳያሰክር እያለች ክረምቱን በሙሉ ስትጸልይ ነው የከረመችው።»

«ታዲያ ጸሎታቸው ሰመረላቸዋ።»

«ሰመረላት። እኔ ቆርቆሮዬን አጣሁ እንጂ።»

«ለመሆኑ ዩሪያውን እንዲህ እንዲያበዙ ማን መከረዎት?»

«እሷው ናት። ጨምርበት፣ ለመሬት አይሰሰትም እያለች።»

«እርስዎስ ዝም ብለው አመኗቸው?»

«እንዴት አላምናት? ጡረታ እስክትወጣ የወረዳችን የግብርና ባለሙያ ነበረች።»

ፊቴን ወደ መስኮቱ አዞርኩ፤ አዳማ እስክንገባም አልመለስኩትም።